ያልተነበቡ ቀናት

ጥር 6

ለወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። «ዘንድሮም ልትሞክሪ ነው?» ላልከው፣ አዎ፣ ለውኃ ጥናት ሁለተኛ ዲግሪ ዳግም ልሞክር ነው። አምና ዩኒቨርሲቲው «እናዝናለን» ብሎ የላከልኝን ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል፣ ደሜ ሲፈላ ደግሞ ሥራ እሠራለሁ። በዚህ የውኃ ማጣሪያ ላብራቶሪ ውስጥ ብርጭቆ ሳጥብና ክሎሪን ስለካ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ውኃው ከቧንቧ ሲወጣ ንጹሕ መሆኑን አውቃለሁ። ከየት እንደሚነሳ፣ መቼ እንደሚሞላ፣ ለምን እንደሚጎድል ደግሞ ማወቅ እፈልጋለሁ። በሠላሳ ሦስት ዓመቷ ደብተር ልትይዝ ነው ብሎ የሚስቅ ይሳቅ።

ማመልከቻው ላይ «ይህን ትምህርት ለምን መረጥሽ?» የሚል ጥያቄ አለ። ወንድሜ ወንዝ ውስጥ የቆመ ባለ ቁጥር ሰሌዳ እያየ ጠዋትና ማታ የውኃውን ከፍታ በመዝገብ የሚጽፍ ሰው ነው፣ ሥራውን ሲጀምር የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ መዝገቡን ተሸክሜ እከተለው ነበር ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

የቸገረኝ የድጋፍ ደብዳቤው ነው። ሦስት ሰው እንዲመሰክርልኝ ይፈልጋሉ። ሁለቱን አግኝቻለሁ። ሦስተኛው አለቃዬ ነው፤ «ራስሽ ጽፈሽ አምጪው፣ እፈርማለሁ» አለኝ። እዚህ ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ራሴን ላመሰግን ስቀመጥ ግን እጄ ይተሳሰራል። «ትጉህ ናት» ብዬ እጽፍና አፍሬ እሰርዘዋለሁ። እባክህ አንተ ጻፍልኝ፣ እኔ በታይፕ እገለብጠዋለሁ።

ለእማዬ ጉልበት ቅባት ልኬያለሁ። ስስ አድርጋ ትቀባው፤ እሷ ካገኘች በአንድ ቀን ነው የምትጨርሰው።

ጠበቃህ


ጥር 21

ለጠበቃዬ፣

ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወንዙ ሰማንያ አራት ሳንቲሜትር ነው፤ እኔም እማዬም ደህና ነን። ቅባቱ ደርሷል፣ አልቋልም።

ስልክ መሥራት ጀምሮ እንደሆነ ጠይቀሻል። አልጀመረም። ተተከለ የተባለው ማማ ከኮረብታው ወዲያ ነው፣ እኛ ሸለቆ ውስጥ ሲደርስ ድምፁ ይሞታል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር በየአሥራ አምስት ቀኑ መዝገቤን ሊወስድ ሲመጣ የምሰጠው ደብዳቤ ይበቃናል። እሱም ተማርሯል፤ «የናንተ ወሬ ከወንዙ ወሬ በለጠብኝ» ይላል።

ያዘዝሽኝን ጽፌያለሁ። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ስታርመኝ ነበር። «መልከ መልካም ናት በል» አለች። ለትምህርት ቤት እንዲህ አይጻፍም ብላት ተቆጥታ ገባች። እነሆ፦

«አመልካቿ ስሕተት ካየች እስኪታረም ድረስ ዕረፍት የላትም፣ ለሌላውም ዕረፍት አትሰጥም። ይህ አብሯት ለሚሠራ ሰው አድካሚ ነው፣ ለሥራው ግን ጥሩ ነው። ክርክር ትወዳለች። ስትረታ ግን መረታቷን ታምናለች፤ ይህንን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። የማታውቀውን አውቃለሁ አትልም። ይህን የምመሰክረው ከተወለደች ጀምሮ ስለማውቃት ነው።»

ጠበቃ ያልኩሽ በክርክርሽ ነው፣ በዚህ ግን አትከራከሪኝ፤ አንድም ቃል አትቀይሪበት። አራት ጊዜ ነው የገለበጥኩት።

ወንድምሽ


ነሐሴ 2

ለወንድም ጋሼ (ለእማዬ ጮክ ብለህ አንብብላት)፣

ገብቻለሁ። ወንድም ጋሼ፣ ገብቻለሁ። ወረቀቱን አራት ሰው አስነብቤአለሁ፣ አንዱ የማላውቀው ሰው ነው፣ አውቶብስ ፌርማታ ላይ። መስከረም መጨረሻ ላይ እጀምራለሁ።

ቃለ መጠይቁ እንዴት ነበር ላልከው፣ ሳልነግርህ የቆየሁት አፍሬብህ ነው። ጠረጴዛው ላይ አራት ሰዎች ነበሩ። አንዷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ፕሮፌሰር ናት፤ የአለቃዬን ደብዳቤ አነሳችና «አለቃሽ ከተወለድሽ ጀምሮ ያውቁሻል?» አለችኝ። አንተ ጻፍከው፣ እኔ እንዳለ ገለበጥኩት፣ አለቃዬ ሳያነበው ፈረመበት። ከሦስታችን አንዳችን እንኳን አላየነውም። አንድ ነገር ልፈጥር አሰብኩና አቃተኝ። «የጻፈው ወንድሜ ነው፣ አለቃዬ ራስሽ ጽፈሽ አምጪ ብሎኝ ነው» አልኳቸው። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

ሴትዮዋ «ወንድምሽ ምን ይሠራል?» አለች። የወንዝ ከፍታ ያነባል አልኳት። «ከሦስቱ ደብዳቤዎች ስለ ሰው የሚያወራው ይሄ ብቻ ነው» አለችና ሳቀች። የጥናት አማካሪዬ እሷ ሆናለች። አለቃዬን ግን በራሱ እጅ አዲስ እንዲጽፍ አስገድደውታል። ሦስት መስመር ጽፏል፣ ሁለቱ ስለ ራሱ ነው።

የእማዬን ፊት ባየሁት። ስታነብላት ምን እንዳለች ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፍልኝ።

ጠበቃህ


የካቲት 15

ለወንድም ጋሼ፣

እበላለሁ። በየደብዳቤው እየጠየቅክ ሆዴን የመንግሥት ጉዳይ አታድርገው። ክፍሉም ደህና ነው፦ ሁለት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግማሽ መስኮት። ግማሹን መስኮት የጎረቤት ክፍል ወስዶታል፣ ግድግዳውን መሀሉ ላይ ነው ያቆሙት። አብራኝ የምትኖረው ፋርማሲስት ናት። ጠረጴዛውን በፈረቃ ነው የምንጠቀመው። ጠዋት የእኔ ነው፣ ከሰዓት የእሷ። ከሰዓት በኋላ የታችኞቹን ተማሪዎች ላብራቶሪ አሠራለሁ፣ በዚያ ክፍያ ነው የምማረው። የክፍል ጓደኞቼ ሃያ ሦስት ሃያ አራት ዓመታቸው ነው፤ «እትዬ» ይሉኛል። መጀመሪያ ቆሽቴ አርሮ ነበር፣ አሁን ግን ለምሳ ሰልፍ ያስቀድሙኛልና ትቼዋለሁ።

አሁን የጠየቅከኝን ልመልስ። የስታቲስቲክስ ውጤት ወጥቷል። ሠላሳ ስምንት። ከመቶ። ከክፍሉ የመጨረሻዋ እኔ ነኝ። ሌሎቹን ትምህርቶች አልፌአለሁ፣ ይሄ ግን ደንብ አለው፦ ሐምሌ 10 ድጋሚ እፈተናለሁ፣ ከወደቅኩ እሰናበታለሁ። ሌላ ዕድል የለም። አማካሪዬ ጠርታኝ «ወድቀሽ እንደሆነ አልጠየቅኩሽም፣ ምኑ እንዳልገባሽ ነው የምጠይቅሽ» አለችኝ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አልገባኝም አልኳት። «ጥሩ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እንጀምር» አለች። በሳምንት ሁለት ቀን ታስቀምጠኛለች።

ይህን ለእማዬ እንዳትነግራት። ለሰው ሁሉ አውርታለች፣ ሆዷ ይባባል።

ጠበቃህ


ሰኔ 17

ለጠበቃዬ፣

ሁለት ደብዳቤሽ አንድ ላይ ደርሶኛል። አልመለስክልኝም ብለሽ ተቆጥተሻል፤ ልክ ነሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ ሥራ በዝቶብኛል።

እማዬ ለምን እንደ ልማዷ ከታች ሰላምታ አላስጻፈችም ላልሽው፣ ትንሽ ጉንፋን ይዟታል። አሁን ተኝታለች። ሌላ ምንም የለም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ሠላሳ ስምንቱን ነገርኳት። ጠየቀችኝ፣ እኔ ደግሞ እሷ ፊት ስዋሽ ጆሮዬ ይቀላል። አልተቆጣችም። «ከሠላሳ ስምንት በላይ ስንት ይቀራል?» አለችኝ። ስልሳ ሁለት አልኳት። «ታዲያ ሰፊ ቦታ አላት» አለች። ሐምሌ 10ንም ነግሬአታለሁ። በየቀኑ ስንት ቀን እንደቀረ ትጠይቀኛለች።

ስለዚህ እስከዚያ ድረስ ደብዳቤ አትጻፊ፣ ከእኛም አትጠብቂ። ቁጥርሽን ብቻ አጥኚ። ይህ የእኔ ብቻ ሳይሆን የእሷም ትእዛዝ ነው።

ወንድምሽ


ነሐሴ 5

ለወንድም ጋሼ፣

ከአንተ ተለይቼ ከመጣሁ ሁለት ሳምንት አለፈ። እንዴት እንደገባሁ ጠይቀሃል። ደህና ገባሁ። ፋርማሲስቷ ጠረጴዛውን ለአንድ ሳምንት ሙሉ ለቀቀችልኝ። ጠዋት ጠዋት እቀመጥበታለሁ፣ ምንም አልሠራም።

ፈተናውን የጨረስኩ በማግስቱ ሹፌሩ ከከተማ ደወለልኝ። «እናታችሁ አመማት» ብቻ ነበር ያለኝ፣ ድምፁ ግን ሌላ ነበር። ሁለት ቀን መንገድ መጥቼ የደረስኩት ከተቀበረች በማግስቱ ነው። አንተ ደጃፉ ላይ ቆመህ ባየሁህ ጊዜ ገባኝ። ሳምንት ብቻ ነው የታመመችው፣ ሳይታሰብ ጠናባት ብለኸኛል። በየቀኑ ለራሴ የምደግመው ይህንኑ ነው። ሳምንት ከሆነ ደብዳቤህም አይደርሰኝም፣ እኔም አልደርስም ነበር። ከዚህ ሌላ የምጽናናበት የለኝም።

ውጤቱ ዛሬ ወጣ። ዘጠና አንድ። ከክፍሉ ሁለተኛ ነኝ። የውጤት ሰሌዳው ፊት ቆሜ ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ፣ «እትዬ አለፈች» እያሉ ልጆቹ ከበቡኝ። ካለፉት ሁሉ በላይ ደስ የሚላት እሷ ነበረች። መቃብሯ ድረስ ሂድና ንገራት። ሞኝነት ነው አትበለኝ፣ ሂድ።

ጠበቃህ


ጥር 22

ለወንድም ጋሼ፣

ሁለተኛው ዓመት እንዴት ነው አልከኝ። ደስ ይላል፤ ይህን ያህል የምችል አይመስለኝም ነበር። ባለፈው ሳምንት በሴሚናር ላይ ስናገር ከወንበሩ የተነሳ ሰው አልነበረም፣ አንዱ ብቻ ተኝቷል፣ እሱ ደግሞ በሁሉም ሰው ላይ ነው የሚተኛው።

የመመረቂያ ጥናቴ በአንተ ወንዝ ላይ ነው። ላስደንቅህ ብዬ ደብቄህ ነበር። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት መዝገብህን መሥሪያ ቤቱ ቅጂውን ሰጠኝ። ከአንተ በላይ፣ ወንዙ መነሻ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የዝናብ መለኪያ አለ፤ የሚያነበው አንድ አስተማሪ ነው። እሱ ጋ የዘነበው ዝናብ አንተ ጋ ስንት ሰዓት ቆይቶ፣ ስንት ሳንቲሜትር ሆኖ እንደሚደርስ የሚያሰላ ሞዴል ሠርቻለሁ። ታች ያሉት ሰዎች ጎርፍ ከመምጣቱ በፊት ከብታቸውን ማሸሽ ይችላሉ ማለት ነው። አሥራ ስምንቱ ዓመት ልክክ ይላል። አማካሪዬ የአንተን ቁጥር እያየች «ይህ ሰው ማሽን ነው ወይስ ሰው?» አለች። አፌን ሞልቼ ወንድሜ ነው አልኳት።

አንድ ክረምት ብቻ አሻፈረኝ አለ። የአምናው፣ እማዬ ያረፈችበት። ሰኔ 19 እና 20 ላይ አስተማሪው ሰማይ የተቀደደ ያህል ዝናብ መዝግቧል፣ ወንዝህ ግን ንቅንቅ አላለም። ሐምሌ 2 ደግሞ ላይ ቤት ጠብታ ሳይወርድ አንተ ጋ ሁለት ሜትር ዘለለ። ያ አስተማሪ ተኝቶ ነው የሚጽፈው ማለት ነው። ክረምቱን የት እንዳሳለፈ እንዲነግረኝ ጻፍኩለት፣ ትንሽ ጠንከር አድርጌ። እስኪመልስ ድረስ አንተም ንገረኝ፤ ሰሌዳው በዚያ ሰሞን ተነቃንቆ ነበር?

ጠበቃህ


የካቲት 9

ለጠበቃዬ፣

ወንዙ ሰባ ዘጠኝ ነው። ሰሌዳው አልተነቃነቀም።

አስተማሪውን አትውቀሺው። አውቀዋለሁ፣ ጠንቃቃ ሰው ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ከገጠመልሽ አንዱን ክረምት ብትተዪው ምን ይጎድልብሻል? ትምህርቱ እንዳይጓተትብሽ ብዬ ነው።

የምኮራብሽ ነገር በዛና የትኛውን እንደምጽፍ አላውቅም። ጤናሽን ጠብቂ።

ወንድምሽ


የካቲት 27

ለወንድም ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

አስተማሪው መለሰልኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ ሲወርድብኝ ውሎ፣ ከቁጥሮቹ ጎን በየቀኑ የጻፈውን ማስታወሻ አያይዟል። «ሰኔ 19፦ የሦስተኛ ክፍል ጣሪያ ተገነጠለ፣ ልጆቹን ወደ ቢሮ አስገባን።» ሰው ጣሪያ አይፈጥርም። ያኔ መዝገብህን አወጣሁ። እንዲህ ብዬ እንደምፈልግበት ቢነግሩኝ እስቅ ነበር።

ሰኔ 3 ጠዋት የጻፍከው ከቀደመው ዓመት ሰኔ 3 ጠዋት በሦስት ሳንቲሜትር ይበልጣል። ማታውም በሦስት። ሰኔ 4ም በሦስት። እስከ ሐምሌ 13 ድረስ ሰማንያ ሁለት ንባብ፣ አንድም ሳይጎድል፣ የቀደመው ዓመት ቁጥር ነው፣ ሦስት ተጨምሮበት። ሐምሌ 2 የዘለለው የቀደመው ዓመት ጎርፍ ነው። ሐምሌ 14 ላይ ወንዙ ራሱ ተመልሶ ይናገራል።

ሐምሌ 12 ቀበርካት። ሐምሌ 13 እኔ መጣሁ። ታዲያ ከሰኔ 3 ጀምሮ የት ነበርክ? አውቃለሁ የት እንደነበርክ። አልጋዋ አጠገብ ነበርክ። ሳምንት አይደለም የታመመችው። ጉንፋን ያልከኝ ቀን ወድቃ ሁለት ሳምንት አልፏታል፤ በዚያ ደብዳቤ ላይ የወንዙን ከፍታ እንኳ አልጻፍክልኝም፣ ስላላየኸው ነው።

ቁጥሩን ተወው። በአርባ አንድ ቀን ውስጥ ደርሼ ፀጉሯን አበጥርላት ነበር። እጇን ይዤ እቀመጥ ነበር። ሳምንት ነው ብለህ ያጽናናኸኝን ስንቴ ደገምኩት መሰለህ። ተቀይሜሃለሁ። አንተን ተቀይሜሃለሁ ብዬ መጻፌ ራሱ ያመኛል።

አማካሪዬ ገና አታውቅም። ክረምቱን በዝምታ ባወጣው ማንም አይጠይቀኝም፣ እመረቃለሁ። ያየሁትን ብጽፈው ሥራህን ታጣለህ። ባልጽፈው ደግሞ የዚያ አስተማሪ ስም በእኔ እጅ እንደጠፋ ይቀራል፣ እኔም ምን ዓይነት ባለሙያ እንደምሆን አላውቅም። የሦስት ወር ጊዜ አለኝ። ምን ላድርግ?


መጋቢት 13

ለእህቴ፣

ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። አንዱም አልተሳሳተም።

ሰኔ 2 ማታ ከወንዝ ስመለስ ወለሉ ላይ ወድቃ አገኘኋት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጥታ ልቧ ነው አለች፤ ሁለት ጊዜም ተመላለሰች፣ ከመድኃኒቱ በላይ የሚደረግ የለም አለች። ወደ ሰሌዳው መውረጃው ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፣ መውጫው አርባ፣ በዝናብ ደግሞ ከዚያ በላይ። በቀን ሁለት ጊዜ። ያን ያህል ሰዓት ብቻዋን ልተዋት አልቻልኩም። ጎረቤት እንጥራ ስላት፣ «ወሬው ልጄ ጋ ይደርሳል፣ አይሆንም» አለች። ሹፌሩንም ቃል አስገባችው። ሐምሌ 10ን ነግሬአት ነበር፣ ጥፋቱ የተጀመረው እዚያ ነው። «እኔን ብላ ፈተናውን ከተወችው አልምራትም፣ አንተንም» አለችኝ። ሐምሌ 10 ማታ «አሁን ጨርሳለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ጨርሳለች አልኳት። «እንግዲህ ጥራት» አለች። በማግስቱ አረፈች። በአንድ ቀን ነው የተበለጥነው። ይህን ለአንቺ የምነግርበት አፍ አጥቼ ሳምንት ነው አልኩሽ። ሲቀልልሽ አየሁና መመለሻ አጣሁ።

መዝገቡን ባዶ መተው እችል ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት አንድ ባዶ ቦታ ትቼ ስለማላውቅ አልቻልኩም። ኩራት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ውሸት መፍጠር ደግሞ አይሆንልኝም፤ ብእሩን ይዤ ብቀመጥ አንድ ቁጥር ከራሴ አልወጣ አለኝ። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ገለበጥኩ፣ እንዳይመሳሰል ብዬ ሦስት ጨመርኩበት። አንቺ ታገኚዋለሽ ብዬ አላሰብኩም። ካገኘው ሰው ግን አንቺ መሆንሽ ደስ ብሎኛል፣ ብትቆጪም።

ምን ላድርግ ብለሻል። ጻፊው። እማዬ እዚያ ያስቀመጠችሽ ያየሽውን እንድትሸፍኚ አይደለም። ከአንቺ ቀድሜ እኔው ለመሥሪያ ቤቱ ጽፌያለሁ፣ ቅጂውን አያይዤልሻለሁ። አስተማሪውንም ይቅርታ ጠይቂው፣ እኔም ጽፌለታለሁ። የእኔ ሥራ አያሳስብሽ። እኔን የሚያሳስበኝ ደብዳቤሽን ያለ ስም መጨረስሽ ነው።

ወንድምሽ


ሰኔ 22

ለወንድም ጋሼ፣

አለፍኩ። ከፍተኛው ማዕረግ ነው የተሰጠኝ፤ በክፍሉ ከሁለት አንዷ እኔ ነኝ። በዝምታ ስላሳለፍኩብህ ሦስት ወር ይቅርታ። ቅያሜዬ ሳላለቅስበት ወረቀት ላይ ቢወጣ ይጎዳህ ነበር። አሁን አልቅሼ ጨርሻለሁ። «እንግዲህ ጥራት» ማለቷን በጻፍክልኝ ቀን ነው የጀመርኩት። ጠርታኛለች፤ ይህን ማወቅ ከአርባ አንዱ ቀን ይልቅ ይበቃኛል። አንተም አትጨነቅ፣ ታርቄሃለሁ።

ለአማካሪዬ ደብዳቤህን ይዤ ሄድኩ። አነበበችውና መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ደግማ አነበበችው። «ይህንን ክረምት አናወጣውም፣ ምዕራፍ እንሠራበታለን» አለች። አርባ አንዱን ቀን ጥለን ሞዴሉን እንደገና ስናስኬደው ያ አሻፈረኝ ያለ ክረምት ከሌሎቹ እኩል ገጠመ። አስተማሪው ልክ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ «ልጅ ያሳደገ ይቅር ይላል፣ የተማረ ግን ሲጽፍ ይጠንቀቅ» ብሎ መለሰልኝ። ይገባኛል።

ጥናትሽን ፈታኞች ፊት ስታቀርቢ ምን ጠየቁሽ ላልከው፣ የፈራሁትን ነው የጠየቁኝ። የውጭው ፈታኝ ወፍራም ድምፅ ያለው ሽማግሌ ነው። «አንዴ የዋሸ መዝገብ ቀሪውን አሥራ ስምንት ዓመት በምን እናምነዋለን?» አለ። ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ። እያንዳንዱን ዓመት ከዝናቡ ጋር አንድ በአንድ አስተያይቼ ነበር፤ ሰንጠረዡን ዘረጋሁለት። ከአሥራ ሦስት ሺህ በላይ ንባብ፣ ከሰማንያ ሁለቱ በቀር አንዱም አልከዳንም። «ውሸቱ ወዲያው የታየው ቀሪው ሁሉ እውነት ስለሆነ ነው፤ መዝገቡ ቢበላሽ ኖሮ ይህን ማንም አያገኘውም ነበር» አልኩት። «አንባቢው ማነው?» አለ። ወንድሜ ነው፣ ስሕተቱንም ራሱ ጽፎ አሳውቋል፣ ደብዳቤው አባሪ ሦስት ላይ አለ አልኩት። ገልጦ አነበበው። ውጪ ቆይተሽ ግቢ አሉኝ። ስገባ አራቱም ፈታኞች ቆመው ነበር።

ሞዴሉ ያን ጊዜ አንተ ያላየኸውን ወንዝ አስልቶልኛል፤ ገምቶ ነው፣ ግን የሚታመን ግምት ነው። ሰኔ 20 ማታ ሦስት ሜትር ከአሥር ገደማ ደርሶ ነበር። ብትወርድ ኖሮ ይዞህ ይሄድ ነበር፣ ሁለታችሁንም በአንድ ክረምት አጣችሁ ነበር። ሙሉውን አርባ አንድ ቀን አያይዤልሃለሁ። «ግምት» ተብሎ በእርሳስ ነው የሚጻፈው።

ለሦስተኛ ዲግሪ እንድቀጥል አማካሪዬ ጠይቃኛለች፣ እሺ ብያለሁ። አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። ምርቃቱ ሐምሌ 6 ነው። ሁለት ቀን መንገድ እንደሆነ፣ ምትክ አንባቢ እንደሌለህ፣ ባዶ ቦታ እንደማትወድ አውቃለሁ። ከቤተሰብ የምጠራው ግን አንተን ብቻ ነው። ና።

ጠበቃህ


ሰኔ 30

ለጠበቃዬ፣

ዛሬ ወንዙ ሁለት ሜትር ከአራት ነው፣ እኔም ሞልቻለሁ። ደብዳቤሽን ለሹፌሩ አነበብኩለት፣ ሽማግሌው ጋ ስደርስ «ድገምልኝ» አለ፣ ደገምኩለት።

መሥሪያ ቤቱ ምን እንዳለ ልንገርሽ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተውኛል፣ በሥራ ዘመኔ የመጀመሪያው ነው። ከሥሩ ግን ከመጪው ዓመት ጀምሮ በየጣቢያው ምትክ አንባቢ እንዲመደብ ወስነናል ይላል። ሃያ ሁለት ጣቢያ ነው። አንዱም አንባቢ ከእንግዲህ እንደ እኔ አይቸገርም። አርባ አንዱን ቀን ባልሽኝ መሠረት በእርሳስ አስገብቻለሁ። ሰኔ 20 ላይ ስደርስ እርሳሱን አስቀመጥኩት፣ ያን ቀን እማዬ «ወንዙ ዛሬ ይጮሃል፣ እንዳትወርድ» ብላኝ ነበር። ለካ ልክ ነበረች።

እስክመለስ ድረስ ሰሌዳውን የሚያይ ሰው የለም። የላይኛው አስተማሪ ዝናብ ከበዛ ታች ላሉት ሰዎች መልእክት እሰዳለሁ ብሎኛል። ሹፌሩ ሐምሌ 4 ጠዋት መጥቶ ይወስደኛል። አዲስ ሸሚዝ ገዝቻለሁ፣ አንገቱ ትንሽ ይጠብቃል።

ሐሳቤን እንዳልቀይር ብዬ መዝገቡን ዛሬውኑ ሞልቼዋለሁ፣ በእርሳስ ሳይሆን በቀለም። ከአምስቱ ቀናት ፊት ለፊት እንዲህ ይላል፦ «ከሐምሌ 4 እስከ ሐምሌ 8 — አልተነበበም። አንባቢው እህቱን ሊያስመርቅ ሄዷል።»

ወንድምሽ